እስኪያልቅ ድረስ

የሰው ጉሮሮ ማየት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ነርስ ነኝ። ከሆሳዕና በሚኒባስ አንድ ሰዓት በማትሞላ መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ጤና ጣቢያው ተመላላሽ ክፍል ውስጥ፣ ገጥሞ በማያውቅ መስኮት ሥር ባለ ጠረጴዛ አጠገብ ነው ዕድሜዬ የሄደው። «አፍሽን ክፈቺ፣ ምላስሽን አውጪ፣ አአአ በይ» እያልኩ ስለምውል፣ ቤትም ገብቼ ባለቤቴ ሲያዛጋ ሳላስበው ጠጋ ብዬ አያለሁ። እሱ ይስቅብኛል።

እዚህ አገር ጉሮሮውን ያመመው ሁሉ «ቶንሲል ነው፣ መድኃኒት ስጪኝ» ብሎ ነው የሚገባው። እኔ ዝም ብዬ አልሰጥም። የሚያስለው፣ አፍንጫው የሚፈስሰው፣ ድምፁ የጎረነነው ሰው ብዙ ጊዜ ጉንፋን ነው የያዘው። ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጦ ይጉመጥመጥ፣ ትኩስ ነገር ይጠጣ፣ በሳምንቱ ይለቀዋል። እንዲህ ብዬ ስመልሰው «ከኪሷ የምታወጣው ይመስል ትሰስታለች» እያለ ያማኛል። ይማኝ። እኔ የምፈራው ሌላውን ነው። ሳል የሌለውን፣ በድንገት የሚያተኩሰውን፣ ምራቅ መዋጥ የሚከለክለውን፣ ከመንጋጋ ሥር ዕጢ የሚያወጣውን፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ጣል ጣል የሚያደርገውን። ክፋቱ ደግሞ በራሱም ጊዜ ቢሆን ይተዋል። ሰው ተሻለኝ ብሎ ሲረሳው ነው፣ በተለይ በልጆች፣ ሄዶ ልብ ላይ የሚቀመጠው። ይሄን ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም በትክክል መልሼዋለሁ።

ስለ ራሴ እውነቱን ልናገር። ተወልጄ ያደግኩት ሆሳዕና ነው። አባቴ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቤት አማርኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ቤተ ክርስቲያን አማርኛና ግዕዝ። ጎረቤቶቻችን ሀዲይኛ እያወሩ ነው ያሳደጉኝ፤ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ በደረሰ ቁጥር የበዓሉን ምግብ፣ አተካናውን፣ በሰሃን ሞልተው ይልኩልን ነበር። እኔ ግን ከቋንቋቸው የያዝኩት ሰላምታና «የቱ ጋ ነው የሚያምህ» የምትለዋን ብቻ ነው፤ መልሱን አልሰማም። «ሁሉም አማርኛ ይችል የለም እንዴ?» የምንል ሰዎች ነበርን። ከተማ ውስጥ ያስኬዳል። ከገጠር የሚመጡ እናቶች ፊት ግን አያስኬድም፤ ስለዚህ አጠገብ የተገኘውን ሰው አስተርጉምልኝ እላለሁ። በዚያ ላይ ምላሴ ሹል ነው። ቁጣዬ ቶሎ መጥቶ ቶሎ ስለሚሄድ የሥራ ጓደኞቼ «ሆዷ ባዶ ነው፣ ቂም አታውቅም» ይሉኛል። እኔም በዚህ እኮራ ነበር።

ልጅቷ መጀመሪያ የመጣችው በገበያ ቀን ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። በገበያ ቀን እናቶች በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ ስለሚጨርሱ ወረፋው በረንዳውን አልፎ ግቢው ውስጥ ይጠማዘዛል። እናትየዋ ቆጮዋን ሸጣ ነው የገባችው። ልጅቷ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች፣ ዓይኗ በትኩሳት ደም መስሏል። እናትየዋ አማርኛ ትንሽ ትንሽ ትሰማለች፣ መናገር ግን ታፍራለች። ስለዚህ አስተርጓሚዬ ታማሚዋ ራሷ ሆነች። ምራቋን መዋጥ ያቃታት ልጅ፣ እኔ የምለውን ለእናቷ፣ እናቷ የምትለውን ለእኔ፣ በዚያ በሚያቃጥል ጉሮሮዋ ታመላልስ ጀመር። በጊዜው ምንም አልመሰለኝም።

አፏን ስትከፍት ያ የምፈራው ነገር ነው። ነጩ አለ፣ ዕጢው አለ፣ ትኩሳቱ አለ፣ ሳል የለም። እያየኋት ሳለ እናትየዋ አንድ ነገር ተናገረች። ልጅቷ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ፦ እንጥሏ ወርዷል ተብሏል፤ ነገ እንጥል የሚቆርጥ ሰውዬ ጋ ይወስዷታል፤ እዚህ የመጡት ትኩሳቱን ብቻ እንዳበርድላቸው ነው።

ጉድ ፈላ። እንጥል መቁረጥ ሲባል እኔ ራሴን አላውቅም። ከዚያ በፊት በምላጭ የተቆረጠ ሕፃን ደሙ አልቆም ብሎ በአንሶላ ጠቅልለው አምጥተውብኛል፤ ያን ሕፃን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወረፋው ሁሉ እስኪሰማ ጮህኩ። ልጅሽን ልታርጃት ነው ወይ እስከማለት ደረስኩ። ሴትየዋ በዕድሜ ከእኔ አታንስም፣ «አንቺ» ነው ያልኳት። የአስተማሪ ሚስት ብትሆን «እርስዎ» እላት ነበር። እኔ ረጅም ስናገር ልጅቷ አጭር አጭር ነበር የምታስተረጉመው፤ ከቁጣዬ ግማሹን ለእናቷ ስትል ያስቀረችው ይመስለኛል። እናትየዋ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና አንወስዳትም ብላ ቃል ገባች።

ከዚያ ወደ መድኃኒቱ መጣሁ። መርፌ ነበረኝ፤ አንድ ጊዜ ተወግታ የሚያበቃላት። ልጅቷ ትሪው ላይ መርፌውን ስታይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔ ደግሞ ያን ያህል ከጮህኩ በኋላ ትንሽ ደግ ሴት መምሰል አማረኝ። መርፌውን ትቼ አሞክሳሲሊን ጻፍኩላት፣ ለአሥር ቀን። አሥር ቀን መሆኑን ካርዱ ላይ ጽፌዋለሁ። በአፌ ግን፣ ወረፋው እያፈጠጠብኝ፣ ትንፋሼም በእንጥሉ ጉዳይ አልቆ፣ ያልኩት ይሄን ብቻ ነው፦

«ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ አንድ አንድ። እስኪያልቅ ድረስ ትውጫለሽ። ለእናትሽ ንገሪያት።»

ነገረቻት። እናትየዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ሁለት እጇን አጋጥማ አመሰገነችኝ። እኔም ቀጣዩን ታማሚ ጠራሁ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ። እሱ ሲተዋት ቁርጭምጭሚቷ፣ እሱ ሲተዋት ደግሞ ክርኗ። ወድቃ ይሆናል ብለው ወጌሻ ጋ ወሰዷት። ወጌሻው በቅቤ አሻት፤ ሕመሙም ሰንብቶ ተዋት፣ ወጌሻውም ተመሰገነ። እኔ ጋ አላመጧትም። ማን ነው ወደምትጮህ ሴትዮ ሁለተኛ የሚመጣው?

እንደገና ያየኋት አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ ነው። ተመዝዛ ረዝማለች፣ ጉንጯ ግን ጎድጉዷል። ከትምህርት ቤት ወደ ቤታቸው የምትወስደውን ዳገት ሦስት ጊዜ እየተቀመጠች እንደምትወጣ ነገረችኝ። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አደረግኩ። ጤነኛ ልብ ድም ድም ብሎ ያልፋል። የእሷ ግን መሃል ላይ እፍ ይላል፣ የከሰለ እሳት እፍ ሲባል እንደሚሰማው። ከዚህ በፊት ጉሮሮሽን ክፉኛ አሞሽ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አንቺው ጋ መጥተን ነበር አለችኝ። ከካርድ ክፍል ካርዷን አስወጣሁ፤ የእኔው የእጅ ጽሑፍ ነው።

ያኔ መድኃኒቱን ስንት ቀን እንደዋጠች ጠየቅኩ። እናትየዋ ተናገረች፣ ልጅቷ አስተረጎመች። ሦስት ቀን። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ፣ ቆጮዋን በደንብ በላች፣ ከወንድሟ ጋር መጣላት ጀመረች። የተረፈውን ፍሬ በወረቀቱ ጠቅልለው፣ ታናሽየው ሲያመው ይሆነዋል ብለው አስቀመጡት። ቁጣዬ እንደ ልማዱ ከተፍ አለ። አልተነገራችሁም እንዴ ልል አፌን ስከፍት ልጅቷ ቀደመችኝ። እኔን ልትወቅስ ብላ አልነበረም፤ የረሳሁትን ለማስታወስ ያህል፣ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«ሲስተር፣ እስኪያልቅ ነው ያልሽው። ሕመሙ አለቀ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። እኔ ፍሬው እስኪያልቅ ማለቴ ነበር። «ፍሬው» የምትለዋን ቃል ግን ከአፌ አላወጣኋትም። «እስኪያልቅ» ሲባል ምኑ እንደሚያልቅ ቃሉ ብቻውን አይናገርም። ለእኔ ግልጽ ነው፤ እኔ ስናገር ዓይኔ ያለው መድኃኒቱ ላይ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ጉሮሮዋ እየተቃጠለ፣ ያልቅልኛል ብላ የምትጠብቀው ሕመሟን ነው። እንኳን በሁለተኛ ቋንቋዋ በእናቷም ቋንቋ ቢነገራት እንዲያው ነበር የምትሰማው።

እናትየዋ ምን እንደተባባልን ጠየቀቻት። ልጅቷ መሬት መሬት እያየች አንድ አጭር ነገር በሀዲይኛ መለሰችላት። አልገባኝም፣ አልጠየቅኩምም። እናትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገቻትና፣ መናገር የምታፍረው አማርኛዋን እንደ ምንም አውጥታ «የእኔ ነው ጥፋት» አለችኝ። «መድኃኒት ያስቀመጥኩ እኔ ነኝ።»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። የለም፣ ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ ማለት። ከዚያ የበለጠ ንግግር አያስፈልገውም ነበር። እስክሪብቶዬን አንስቼ የሪፈር ወረቀቱን መጻፍ ጀመርኩ።

ሆሳዕና ይዣቸው የሄድኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ፈቃድ ጠይቄ፣ ቀኑን ሙሉ። ሐኪሙ ልቧን በመሣሪያ አይቶ አስረዳን። ደም ካለፈ በኋላ የሚዘጋው የልቧ በር፣ ቫልቩ፣ ጠባሳ ይዞ አልገጥም ብሏል። መነሻው የድሮው ጉሮሮ ነው። ያ ጉሮሮ ከተመለሰባት የቀረውንም ስለሚበላው በየአራት ሳምንቱ መርፌ ትወጋለች። መፍትሔው ቀዶ ጥገና ነው፣ እሱም አዲስ አበባ፣ በተራ። ስሟን አስመዘገብን። ስንመለስ መናኸሪያው ውስጥ ጎረምሶቹ «አዲሳባ! አዲሳባ! አንድ ሰው!» እያሉ ሲጎትቱን ልጅቷ ሳቀች። አውቶቡሱን በጣቷ አሳየችኝና ተራዬ ሲደርስ በዚህ ነው የምንሄደው፣ መስኮት ጋ ነው የምቀመጠው አለች። ከዚያ ወደ እኛ የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ወጣን።

መርፌውን የምወጋት እኔ ሆንኩ። በየአራት ሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። ያ መርፌ ወፍራም ነው፣ ሲገባ እግርን ያደነዝዛል። ብልቃጡን በመዳፌ ሞቅ አድርጌ ቀስ ብዬ ነው የምሰጣት። አንድ መርፌ አይታ ያለቀሰችው ልጅ አሁን ጥርሷን ነክሳ ቀሚሷን ራሷ ትሰበስባለች። አንጀቴን ትበላው ነበር። ከተወጋች በኋላ ግማሽ ሰዓት ክፍሉን ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ ትቀመጣለች፣ እኔም ካርዴን እየጻፍኩ እናወራለን። ስለ ሒሳብ አስተማሪዋ፣ ስለ ወንድሟ፣ ስለ ጓደኞቿ ትነግረኛለች። በሀዲይኛዬ ትቀልድብኛለች፤ የኛ ላም እንኳን ካንቺ ትሻላለች ትለኛለች። እስቃለሁ። አልዋሽም፣ ሐሙስን የምወደው በእሷ ምክንያት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ያናድደኝ ነበር። የነገርኳትን ሁሉ መልሳ መላልሳ ትጠይቀኛለች። አራት ሳምንት ስትይ ዛሬን ቆጥረሽ ነው ወይ ትላለች። ከምግብ በፊት ስትይ ከቁርስ በፊት ነው ወይስ ከሁሉም በፊት ነው ትላለች። ያልኳትን ቃል በቃል ትደግምልኛለች፣ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ የጻፈችውን ታሳየኛለች። እኔን ልትፈትኚኝ ነው ወይ ብዬ እቆጣታለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ከገጠር የመጡ ባልቴት የሚሉት አልሰማ ሲለኝ፣ ነይ አስተርጉሚልኝ ብዬ ጠራኋት። እምቢ አለች። ሌላ ሰው ጥሪ፣ እኔ አላውቅም ብላ ወጥታ ሄደች። ጉርምስና ነው፣ በቋንቋዋ ማፈር ጀምራለች አልኩ፤ ለሳምንት ያህልም ተቀይሜአት ነበር።

ልነግራት ያላሰብኩበት ሐሙስ የለም። ዛሬ ደስ ብሏታል፣ አላበላሽባት እላለሁ። በሌላው ሐሙስ ዛሬ ደክሟታል፣ ይቅር እላለሁ። እናትየዋ ገበያ ላይ ካየችኝ ሮጣ መጥታ እንቁላል በፌስታል ታሸክመኛለች፣ ልጄን ያቆየሽልኝ አንቺ ነሽ እያለች። ለሰው ሁሉ ደግሞ ልጄን ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ፣ መድኃኒቷን አስቀምጬ እያለች ትናገራለች። ይሄን ፊቴ ላይ ስትል ሰምቻለሁ። እንቁላሉን ተቀብዬ እሄዳለሁ። ፈርቼ ነው። ሰው ምን ይለኛል፣ አለቆቼ ምን ይሉኛል፣ እሷስ እንዴት ታየኛለች ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ባለኝ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ ዘጠነኛ ክፍልን እንደጨረሰች፣ ክረምቱ በረታ። ከአዲስ አበባ ተራሽ ደርሷል የሚል ስልክ አልመጣም። ብርድ መታት፣ ሳንባዋ ውሃ ያዘ፣ ሆሳዕና አስተኟት። ልጠይቃት ስሄድ ትራስ ተደርድሮላት ተቀምጣ ነው ያገኘኋት፤ ጋደም ካለች ትታፈናለች። እግሯ አብጦ ካልሲው ምልክት ጥሎባታል። እጄን ይዛ፣ የዚህ ወር መርፌዬ ሦስት ቀን ነው የቀረው፣ እዚህ ይወጉኛል ወይስ እስክወጣ ይጠብቃል ብላ ጠየቀችኝ። ይጠብቃል አልኳት። ደግሜ እንድነግራት ፈለገች፣ ደገምኩላት። በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈች።

ቀብሯ ላይ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ዝናብ እየመታቸው ዘመሩ። የክፍሏ ልጆች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው መጥተዋል። እኔ ከልማድ «ነፍስ ይማር» አልኩ፣ እነሱ እንዲህ እንደማይሉ እያወቅኩ። ማንም አልተቀየመኝም። እንዲያውም እናትየዋን እንድደግፍ ቦታ ለቀቁልኝ፤ ልጅቷን ያስታመመች ሲስተር ናት እየተባለ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። እናትየዋ ደረቷን እየደቃች በሀዲይኛ ትናገራለች። አጠገቤ ያለችው ጎረቤት፣ ሳልጠይቃት፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ አስተረጎመችልኝ፤ መድኃኒቷን አስቀምጬ ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ ነው የምትለው አለችኝ። ከዚህ በኋላ ዝም ካልኩ ሰው አይደለሁም አልኩ። ተነስቼ ክንዷን ያዝኩና ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ ጋ ወሰድኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» አልኳት።

«ልጅዎን የገደሉት እርስዎ አይደሉም» አልኩ። «ፍሬው እስኪያልቅ ማለት ነበረብኝ፣ እስኪያልቅ ብቻ ብዬ ለቀቅኳችሁ። እናንተ የተባላችሁትን ነው ያደረጋችሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያን ጊዜም አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

በሐኪም ቤት መመላለስ አማርኛዋ ከድሮው ተሻሽሏል፤ አልገባትም ብዬ ልሸሸግበት አልችልም። የተቀደደ የእንሰት ቅጠል ይዛ ጫፉን ትተለትል ነበር።

«እሷም የእኔ ነው ነበር የምትል» አለችኝ።

ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም።

«ልቧን ያዳመጥሽ ቀን። ‹እማ፣ ሲስተር ልክ ነው የተናገረች፤ በደንብ ያላስተረጎምኩ እኔ ነኝ› አለችኝ። ልጅ ናት፣ እንዴት ትችለዋለች? የእኔ ነው አልኩ። ሰው ፊት ሁሉ የእኔ ነው አልኩ፣ እሷ እንድትተወው። አልተወችም። ሆስፒታልም፣ ያን ሌሊት፣ ‹እማ፣ አሳሳትኩሽ› አለችኝ።»

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ በወደድኩ። እንዲያው ማወቅ እንደፈለገ ሰው ነበር የጠየቀችኝ።

«ለእኔ ይቅር። ለእሷ ብትነግሪያት ምን ነበረበት?»

በሦስት ዓመት ውስጥ አርባ ጊዜ ያህል ወግቻታለሁ። አርባውንም ጊዜ መጋረጃው ጀርባ ሁለታችን ብቻ ነበርን።